«ወንዝ ማዶ ሰው የለም» ያሉት የእትዬ አንቀጽ ዜና ሕይወት

በዚህ በመጨረሻ ማረፊያቸው ዙሪያ የቆማችሁ ዘመዶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ የወንዝ ወዲህና የወንዝ ማዶ ጎረቤቶች፣ እግራችሁን አንሥታችሁ ስለ መጣችሁ ቤተሰቡ ያመሰግናችኋል። አሁን የምትሰሙት የሕይወት ታሪክ ሟች ራሳቸው በሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ለወንድማቸው ልጅ እየነገሩ ያስጻፉት፣ ከተጻፈም በኋላ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው መስመር በመስመር ያረሙት ነው። «ታላቅ» የሚለውን ቃል ከሦስት ቦታ፣ «ደግ» የሚለውን ከአምስት ቦታ ሰርዘዋል። ቤተሰቡም ተሰብስቦ፣ አንዳንዱ ነገር ለለቀስተኛ ጆሮ አይመችምና ቢቀርስ የሚል ሐሳብ አንሥቶ ነበር፤ ነገር ግን ሟች ይህን አስቀድመው ስለ ጠረጠሩ፣ «ከዚህ ላይ አንድ አንቀጽ ከወጣ ሙሉውን አታንብቡት» ብለው አስጠንቅቀው ስለ ሄዱ፣ እንዳለ ይነበባል።

«እትዬ አንቀጽ» የሚለውን መጠሪያ እናታቸው አላወጡላቸውም። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ በዚህ ስም የሚጠራቸው ሕጉን በቃላቸው ስለሚያውቁት፣ ከሚያውቁትም ውስጥ ሳይጠቅሱ የሚያልፉት ስለሌለ ነበር። የበሩ ዘበኛ እንኳ ፈቃድ ሲያምረው አለቃውን ከመጠየቁ በፊት እሳቸውን ያማክር ነበር። የሠርግ ጥሪ ካርድ ሲደርሳቸው የነጠላ ሰረዙን ቦታ አስተካክለው ይመልሱታል ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር፤ ቀልዱ እውነት ነው፣ ካርዱን ያስታረሙት ሙሽሮች ዛሬ እዚህ ቆመዋል።

እትዬ አንቀጽ ከዛሬ ሰባ አራት ዓመት በፊት ከወንዙ ማዶ፣ በጡብ ምድጃዎቹ ጥግ ለጥግ ከተሠሩት ቤቶች በአንደኛው፣ ከምድጃ አንዳጅ አባታቸውና ጡብ ተሸካሚ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። አባታቸው የምድጃው ጭስ ደረታቸውን ይዞት ኖሮ ሴት ልጃቸው ስድስት ዓመት ሳይሞላት አረፉ። ያን ጊዜ ታላቅ ወንድማቸው ገና የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሲሆኑ፣ ደብተራቸውን ለእኅታቸው አስረክበው፣ «እኔ በአባባ ቦታ ልግባ፣ እሷ ትማር፤ ሁለታችንም ጥላሸት ሆነን ከምንቀር አንዳችን እንትረፍ» ብለው ለእናታቸው ነግረው የምድጃ ሥራ ጀመሩ። ይህንን እትዬ አንቀጽ ባስጻፉ ጊዜ፣ እንዳይረሳ ከሥሩ መስመር አስምረውበታል።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ነበርና በየማለዳው ድልድዩን ተሻግረው ይሄዱ ነበር። የከተማው ልጆች «ጭሲት» ይሏቸዋል። ከድልድዩ ሥር ወርደው እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፤ ጭስ ግን ከክንድ ቢለቅ ከጠጉር አይለቅም፤ ክፍል ውስጥ ከጎናቸው የምትቀመጠው ልጅ በሻሽዋ አፍንጫዋን ስትሸፍን እያዩ ስድስት ዓመት ተማሩ። በትምህርታቸው ከክፍሉ አንደኛ እየወጡ እንኳ ስማቸው ሲጠራ ተነሥቶ መቆም ያሳፍራቸው እንደ ነበር ተናግረዋል። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ እናታቸው ከወንዙ ወዲህ ከምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ጋር ተነጋግረው፣ ቤት እያገዙ ከእሷ ዘንድ እንዲኖሩ አደረጉ። በዚያ ዓመት የፈተና ፎርም ሲሞሉ «የትውልድ ቦታ» በሚለው መስመር ላይ የልብስ ሰፊዋን ቤት አድራሻ ጻፉ። ያች የመጀመሪያዋ ውሸት ነበረች፤ ቀለሟ ሳይደርቅም ሁለተኛይቱን ወለደች፤ ሰው ስለ ቤተሰባቸው ሲጠይቃቸው እናታቸው ሩቅ አገር እንደሚኖሩ ይናገሩ ጀመር። እናታቸው ያሉት ግን ድልድዩን ተሻግሮ ከአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነበር።

ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ በማዘጋጃ ቤቱ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጠሩ። ጣታቸው ፈጣን፣ ዐይናቸው የተሳለ ነበርና የሚጽፉትን ሁሉ እያነበቡ፣ ያነበቡትንም እየጠየቁ፣ ከሥራ መልስ አምስት ዓመት ሕግ ተምረው በዲፕሎማ ተመረቁና ወደ ሕግ ክፍል ተዛወሩ። ቢሯቸው ከሁለተኛው ፎቅ ነበረ፤ መስኮቱ ወንዙንና የምድጃዎቹን ጭስ ያሳያል። ሌሎቹ ሠራተኞች ብርሃን ፍለጋ በመስኮቱ ትይዩ ለመቀመጥ ሲጣሉ፣ እሳቸው ጠረጴዛቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጡ፤ ሰው ሁሉ ትጋት መሰለው።

ከተማችን በዚያ ዘመን ከተማ ይባል እንጂ በሕግ ዓይን ምንም አልነበረም። መንገዱን ያበላሸበትን ሥራ ተቋራጭ በስሙ መክሰስ አይችልም፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ለመጠገን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይጠብቃል፤ አንዲት የእሳት አደጋ መኪና ለመግዛት አራት ዓመት ለምኗል። ስለዚህ ከተማውን የሚያቋቁም፣ ሥልጣንና ተግባሩን የሚዘረዝር፣ ወሰኑን የሚያበጅ ቻርተር እንዲዘጋጅ ተወሰነና አንድ ኮሚቴ ተሰየመ፤ የማርቀቁ ሥራም በሠላሳ አንድ ዓመታቸው በእትዬ አንቀጽ እጅ ወደቀ። ሁለት ዓመት ደከሙበት። ስልሳ ስምንቱን አንቀጾች አንድ በአንድ በእጃቸው ጻፉ፤ ከተማው በስሙ የሚከስና የሚከሰስ፣ ንብረት የሚያፈራ፣ ውል የሚዋዋል ሕጋዊ ሰው ነው የምትለዋን አንቀጽ ሲጽፉ ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ከወንበራቸው ተነሥተው በቢሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዳሉ አይረሱትም ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ከራሳቸው አፍልቀው፣ በአንቀጽ ሠላሳ አንድ ንዑስ አንቀጽ አራት ላይ፣ ከወሰኑ አጠገብ ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ አደጋ የደረሰ እንደ ሆነ ከተማው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ እርዳታ ይሰጣል የሚል ቃል አስገቡ። ይህች ቃል ኋላ ምን እንዳመጣች ትሰማላችሁ።

በዚያው ሥራ ላይ የከተማውን ካርታ የሚያነሡት ቀያሽ፣ ኋላ ባለቤታቸው የሆኑት፣ ከሕግ ክፍሉ ይመላለሱ ነበር። ቀያሹ ዝምተኛ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ጭቃ ያልተለየው፣ ያላዩትን የማይስሉ ሰው ነበሩ። ከወንዙ ማዶ ያለውን ሠፈር በእግራቸው ዞረው እያንዳንዱን ጣራ በነጥብ አስፍረው፣ በጠቅላላው ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ቆጥረው ካርታውን አስረከቡና ወደ ሌላ ሥራ ወደ ገጠር ወጡ።

ረቂቁ የመጨረሻ ጊዜ በታየበት ቀን፣ በማዘጋጃ ቤቱ የስብሰባ ክፍል፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ካርታውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ «ማዶ ያሉት እነዚህ ነጠብጣቦች ምንድን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። የሕግ ክፍሉ ኃላፊ፣ «እነሱን ካስገባን ውኃውም መንገዱም ድልድይ መሻገሩ ነው። ወሰኑን ወንዙ ላይ ብናቆመው ይቀለናል» አሉ። ሰብሳቢው ግን ጠንቃቃ ነበሩና፣ «ሰው ካለበት እንዴት ጥለነው እንሄዳለን? ቦታውን የሚያውቅ አለ?» ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ። በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል ከእትዬ አንቀጽ በቀር ወንዝ ማዶ ረግጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አውቃለሁ ማለት፣ እንዴት አወቅሽ መባል ነበር። ኃላፊው ወደ እሳቸው ዞረው፣ «አንቺ ካርታውን ከቀያሹ ጋር አይተሽዋል፤ ሰው አለ እንዴ እዚያ?» አሉ።

እትዬ አንቀጽ፣ «ምድጃዎች ናቸው። ቋሚ ነዋሪ የለም ማለት ይቻላል» ብለው መለሱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ቃሏ ወጥታ ቀረች። በዚያች ሰዓት እናታቸው ከማዶ ጡብ ተሸክመው ነበር፤ ወንድማቸውም ምድጃ ፊት ቆመው ነበር። ሰብሳቢው እፎይ ብለው ካርታውን አጠፉት፤ ወሰኑ የወንዙ ቀኝ ዳር ነው ተብሎ በአንቀጽ አምስት ተጻፈ፤ የጻፉትም እሳቸው ናቸው። እስከ መጨረሻቸው ድረስ ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብዝታ የምታሳፍራቸው «ማለት ይቻላል» የምትለዋ ነበረች፤ ውሸቷን ጨዋ ያስመሰለቻት እሷ ናት ይሉ ነበር። ቀያሹ ከገጠር ሲመለሱ ሕጉ ጸድቆ ጠበቃቸው፤ ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቁም፣ «ኮሚቴው ወሰነ» ተባሉ።

በማግሥቱ ዓመት ከቀያሹ ጋር ተጋቡ። ለባላቸው እናቴ ሩቅ ናቸው፣ ታመዋል፣ መንገድ አይችሉም ብለው ነግረዋቸው ነበርና፣ በሠርጉ ላይ በእናት ወንበር የተቀመጡት ልብስ ሰፊዋ ናቸው። ከብዙ ዓመት በኋላ ወንድማቸው እንደ ነገሯቸው፣ እናታቸው በዚያ ቀን ለማንም ሳይናገሩ ድልድዩን ተሻግረው፣ ከአዳራሹ በር ላይ ሙሽራ ለማየት ከተኮለኮለው መንገደኛ መሐል ቆመው፣ ልጃቸው ስትወጣ አይተው ተመልሰዋል። ከቤት ሲደርሱም፣ «አምሮባት ነበር» ብለው መቀነታቸውን ፈትተው ተቀመጡ። እትዬ አንቀጽ ይህን ባስጻፉ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ስለ ነበር፣ ጽሑፉ ለዚያ ቀን እዚያው ላይ ቆሟል። ከጋብቻቸው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ ዛሬ ፋርማሲስት ናቸው፤ አያታቸውን ያወቁት ግን በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

ቻርተሩ ከጸደቀ በኋላ ከተማው እንደ ሰው ቆመ። ውኃ ተስቦ፣ መንገድ ተነጥፎ፣ ክሊኒክ ተከፍቶ፣ የእሳት አደጋ መኪና ሦስት ሆነ። አጎራባቹ ወረዳ ግን ቀደም ብሎ በወጣ ደንብ የራሱን ወሰን ከምድጃዎቹ ጀርባ በሚያልፈው የጋሪ መንገድ ላይ አቁሞ ስለ ነበር፣ በወንዙና በጋሪ መንገዱ መካከል ያሉት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤቶች ከሁለቱም ሕግ ውጭ ቀሩ። የልደት ምስክር ወረቀት ፈልገው ከተማው ዘንድ ሲሄዱ ወረዳ ሂዱ፣ ወረዳ ሲሄዱ ከተማ ሂዱ ይባላሉ። አቤቱታቸው ሲመጣ የሚቀርበው ለሕግ ክፍል ነበር፤ «በአንቀጽ አምስት መሠረት ከከተማው ሥልጣን ውጭ ነው» የሚለውን መልስ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጻፉት እትዬ አንቀጽ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ወደ እናታቸው ቤት ይሻገሩ ነበር፤ ወንድማቸውና ሚስታቸው በደስታ ይቀበሏቸዋል። አንድ ጊዜ ወንድማቸው፣ «አንቺ ከትልቁ ቤት ውስጥ እያለሽ እኛን ማን ጻፈን ከውጭ?» ብለው በጨዋታ ቢጠይቋቸው፣ «ሕግ ነው» ብለው መለሱ።

አሁን የሚነበበው ቤተሰቡ ሳይነበብ ይቅር ያለው ክፍል ነው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት በበጋ፣ ነፋስ ባየለበት ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ከምድጃዎቹ አጠገብ ከተከመረው ማገዶ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ አለቃው ሁለት መኪና ይዘው እስከ ድልድዩ ደርሰው ቆሙ፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሾፌር ያለ ሥልጣን ወሰን ተሻግረሃል ተብሎ ከሥራ ተባርሮ ነበር። ከድልድዩ ኬላ ስልክ አንሥተው ለሕግ ክፍል ደወሉ። ሌላው ሰው ምሳ ወጥቶ ነበርና ስልኩን ያነሡት እትዬ አንቀጽ ናቸው።

«እትዬ አንቀጽ፣ ማዶ እየነደደ ነው! ልሻገር አልሻገር? አንድ ቃል ይበሉኝ» አሉ አለቃው።

እትዬ አንቀጽ ዞር ብለው፣ ስንት ዓመት ጀርባቸውን በሰጡት መስኮት ጭሱን አዩ። መልሱን ያውቁት ነበር። አንቀጽ ሠላሳ አንድ ንዑስ አራት፤ ቁጥሯን ብቻ መጥራት ይበቃ ነበር። ነገር ግን ለማዶ ሰዎች ምነው ተቆረቆርሽ የሚል ሰው ታያቸውና፣ «ትንሽ ይጠብቁኝ፤ ኃላፊውን ልጠይቅ» አሉ። ኃላፊው ምሳ ላይ ነበሩ። እትዬ አንቀጽ በኮሪደሩ ቆመው ጠበቋቸው፤ ሀያ አምስት ደቂቃ ጠበቋቸው። ኃላፊው ጥርሳቸውን በስንጥር እየነካኩ መጥተው ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ምን ትጠይቂኛለሽ? ይሻገሩ እንጂ! አንቀጽ ሠላሳ አንድ አለ አይደል? ራስሽ አይደለሽም እንዴ የጻፍሽው?» አሉ።

መኪኖቹ ሲሻገሩ አርባ አንድ ቤት ነዶ ነበር። የወንድማቸው ሚስት እሳቱ ቤታቸውን ሲይዝ ውጭ ነበሩ፤ ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ጉልበት ከድቷቸው ከአልጋ ያልተነሡትን አማታቸውን፣ የእትዬ አንቀጽን እናት፣ ለማውጣት ገቡ። በመስኮት አሾልከው ለጎረቤት እጅ አቀበሏቸው። እሳቸው ግን ጣራው ሲወርድ ከውስጥ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነበር። ይህን የምታነብላችሁ የሟች የወንድም ልጅ የእሳቸው ልጅ ናት።

እትዬ አንቀጽ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሻሻቸውን ሳያወርዱ ድልድዩን ተሻገሩ፤ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ከትልቁ መሥሪያ ቤት መጥተው ከእኛ ጋር መሬት ተቀመጡ እያለ የሠፈሩ ሰው አመሰገናቸው፤ ምስጋናው ከእሳቱ ይልቅ አቃጠለኝ ብለዋል፤ ያን ጊዜ ግን የስልኩን ነገር አልተናገሩም። አጣሪ ጉባኤ ሲቋቋም ጥፋቱ ሁሉ በእሳት አደጋ አለቃው ላይ ተላከከ፤ ለሕግ ክፍል ደውዬ ነበር ቢሉም ከዚያ የመሰከረላቸው አልነበረምና አለቃው ከሥራ ታገዱ፤ ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት «ያቃጠለው ሰውዬ ልጆች» እየተባሉ አልቅሰው ተመለሱ። እትዬ አንቀጽ ይህንንም እየሰሙ አሥራ አንድ ሳምንት ዝም አሉ። እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልወስድ ብሏቸው ከሱ፤ ባላቸው ሐኪም ዘንድ ቢወስዷቸው ሐኪሙ ምንም አላገኘም።

በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የአለቃው መባረር ሊጸድቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ቃለ ጉባኤ ይዘው የተቀመጡት እሳቸው ነበሩ። «የሚቃወም አለ?» ሲባል እስክሪብቶውን አስቀመጡና ተነሡ።

«ቃለ ጉባኤውን ሌላ ሰው ይረከበኝ» አሉ። «አለቃው ደውለው ጠይቀውኛል። መልሱን አውቀው ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያልመለስኩት፣ ምናቸው ነሽ እንዳልባል ፈርቼ ነው። የተወለድኩት እዚያ ነው። የተቃጠለችው የወንድሜ ሚስት ናት። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ ማዶ ሰው አለ ወይ ስባል የለም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ከኋላ ቤታቸው የተቃጠለባቸው አንዲት ሴት ተነሥተው፣ «እና እኛ ምንድን ነን?» ብለው ጠየቁ። እትዬ አንቀጽ ለዚህ የሚጠቅሱት አንቀጽ አልነበራቸውም።

አለቃው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እትዬ አንቀጽ ከደረጃቸው ዝቅ ተደርገው ወደ ምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ተወረወሩ፤ ይግባኝ አልጠየቁም። ባላቸው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሩቅ አገር የታመሙት አማታቸው ከሚስታቸው ቢሮ መስኮት በሚታይ ቤት ይኖሩ እንደ ነበር የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ወጥተው ሄዱ። ማምሻውን ሲመለሱ፣ «ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጣራ ስዬልሽ ነበር። አንዱ የእናትሽ ነው ብትይኝ ምን ነበረበት?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ይህን ነገር አላነሡትም፤ በየእሑዱ ግን ልጃቸውን ይዘው እየተሻገሩ አማታቸውን ይጠይቁ ነበር፤ እትዬ አንቀጽ ከኋላቸው ይከተላሉ።

ወንድማቸው ነገሩን የሰሙት ከሰው አፍ ነው። እኅታቸውን በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩ፣ «ምድጃ የገባሁት አንቺ እንድትማሪ ነበር። ተምረሽ ተምረሽ፣ ሰው የለም አልሽ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት አላናገሯቸውም። እናታቸው ከእሳቱ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረው ሲያርፉ እንኳ ወንድምና እኅት ከመቃብሩ ወዲያና ወዲህ ቆመው ነው የቀበሯቸው። እናትየዋ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ልጃቸውን በዚህ ነገር አንድ ቀን አልወቀሱም፤ እትዬ አንቀጽ ግን ወቀሳን ናፍቀው እንደ ነበር ተናግረዋል።

በመዝገብ ክፍሉ፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ፣ አንቀጽ አምስትን የሚያሻሽለውን ረቂቅ ጻፉ። አራት ጊዜ ተመለሰባቸው፤ በአምስተኛው ዓመት ጸደቀና የከተማው ወሰን ከምድጃዎቹ ጀርባ ከጋሪ መንገዱ ላይ ቆመ። ለምርቃቱ መድረክ ላይ ውጡ ሲባሉ እምቢ አሉ። የምስክር ወረቀት ላኩላቸው፤ በወረቀቱ ላይ ሁለት የፊደል ስሕተት አርመው መለሱት። የመጀመሪያው የቧንቧ ውኃ ማዶ በወጣበት ቀን ሕመም ፈቃድ ጠይቀው ቤታቸው ዋሉ።

ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸውም ካረፉ በኋላ፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው ወንዝ ማዶ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ገቡ። በሁለቱ ሕጎች መካከል ተወልደው ወረቀት ላጡት ሁሉ የልደት ማመልከቻ ይጽፉ ጀመር፤ ወረፋው እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር። ሁሉም ሰው ግን አልተቀበላቸውም። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ያች ሴት አንድም ቀን ለሰላምታቸው መልስ አልሰጡም፤ እትዬ አንቀጽ ግን በየቀኑ ሰላምታ መስጠታቸውን አላቋረጡም። በየማለዳው ደግሞ በወንድማቸው በር ላይ ይቆሙ፣ «እንዴት አደርክ?» ይሉ፣ መልስ ሲያጡ ይመለሱ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዕለታት አንድ ቀን፣ ብርድ በበረታበት ጠዋት፣ ወንድማቸው ደረታቸውን ታመው ተኝተው ሳለ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከውስጥ፣ «ወይ ግቢ፣ ወይ ውጪ፤ በሩን ዝጊው፣ ይበርዳል» የሚል ድምፅ ሰሙ። ገቡ፤ በሩንም ዘጉ። ስለ አሥራ ስምንቱ ዓመት ሁለቱም አላነሡም፤ ወንድማቸው እስኪያገግሙ ድረስ አስታመሟቸው።

እትዬ አንቀጽ ባለፈው ወር የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። የወንድማቸው ልጅ፣ አክስቴ ብላ ሳትጠራቸው ያደገችው፣ በሥራዋ መምህርት ናትና ጽሑፉን እንድትጽፍላቸው ያስጠሯት እሷን ነው። የመጣችው ቂሟን ይዛ ነው፤ ይህንንም እሳቸው ያውቁ ነበር። እየጻፈች ሰነበተች። በመጨረሻው ገጽ ላይ ከራሷ ጨምራ፣ «የወንድማቸው ልጅ ይቅር ብላቸዋለች» የሚል መስመር ብታስገባ፣ በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዙት። «ይሄን እኔ ላጸድቀው አልችልም። ያዘንሽልኝ ታምሜ ስላየሽኝ ይሆናል። ቆይተሽ፣ ከቻልሽ፣ ያኔ ትይዋለሽ። ካልቻልሽም አንድ ሰው ዋሽቶ ያመጣውን አይተሻል፣ አትዋሺ» አሏት። ከሦስት ቀን በኋላ ከቀትር በፊት፣ ልጃቸውና ወንድማቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ሟች አንዲት ሴት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ በዱላ ተደግፈው እዚህ የቆሙትን የሰማንያ አንድ ዓመት ታላቅ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ይህን ያነበበችላችሁን የወንድማቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። የተሰረዘው መስመር ዛሬም እንደ ተሰረዘ ነው። የወንድማቸው ልጅ ስለዚህ ይህን ያህል ብቻ ትናገራለች፦ እሳቸው በሠፈሩ በሽተኛ ሲጠይቁና ለቅሶ ሲቀመጡ «ሴትዮዋ» ትላቸው ነበር፤ ትናንት አስከሬናቸው ሲታጠብ ግን «አክስቴ» ስትል ራሷን ሰምታለች፤ ሳታስበው ነው የወጣት።

የሁላችንንም አድራሻ የሚያውቅ ፈጣሪ፣ ከየት ነሽ ብሎ የማይጠይቅበትን ማረፊያ ይስጣቸው፤ በሩን ሲያንኳኩም፣ እሳቸው ሰውን እንዳቆዩት አያቆያቸው።